ሚክስድ ሚዲያ ምንድን ነው? ቀለም ከቀለም ሲጣላ

የሥዕል ዐውደ ርዕይ ገብታችሁ ከሥዕሉ ጎን የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ጠጋ ብላችሁ ካነበባችሁ፣ «ሚክስድ ሚዲያ በሸራ ላይ» የሚል ጽሑፍ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ብዙዎቻችን እንደገባን ሰው ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን እናልፋለን። ነገሩ ቀላል ነው። ሠዓሊው በአንድ ሥዕል ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ማቴሪያል ተጠቅሟል ማለት ነው። ኢንክና አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ሲደርቅ ፕላስቲክ የሚመስል ቀለም)፣ ከሰልና ጋዜጣ፣ ዘይት ቀለምና ገመድ።

ገመዱን ለቀልድ አላነሳሁትም። ፒካሶ በ1912 እ.ኤ.አ. የወንበር ሽመና ምስል የታተመበት የጠረጴዛ ልባስ ቆርጦ ሥዕሉ ላይ ለጠፈ፤ ዙሪያውን ደግሞ በእውነተኛ ገመድ ከበበው።

እኛ ጋ ነገሩን የሚያወሳስበው ቋንቋችን ነው። የግድግዳውም ቀለም፣ የእስክሪብቶውም ቀለም፣ የፀጉሩም ቀለም፣ ትምህርቱ ራሱ ቀለም። ቃሉ ደስ ይላል። ሥዕል ላይ ግን ጉድ ይሠራል፤ ምክንያቱም «ቀለም» የምንላቸው ነገሮች ሁሉ እርስ በርስ አይስማሙም።

የሚለያቸው ማያያዣቸው፣ ማለትም የቀለሙን ዱቄት አጣብቆ የሚይዘው ነገር ነው። ውሃ ቀለም የሚያያዘው በሙጫ ነው፤ አክሪሊክ በፕላስቲክ፤ ዘይት ቀለም አብዛኛውን ጊዜ በተልባ ዘይት። ኢንክ ደግሞ ቀጭንና ፈሳሽ ነው። አክሪሊክና ዘይት ቀለም ላዩ ላይ ሲቀመጡ ኢንክ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ የተሳሳተ መሥመር በኢንክ ካሰመራችሁ አበቃ፣ አብራችሁት መኖር ነው።

ኢንክ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቁም ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል እያዘጋጁ፣ ለወራት እያብላሉ፣ በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲጽፉ ኖረዋል። ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለርዕስ ነበር።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንሂድ። አንድ ነጭ ሻማ፣ ትንሽ ጥቁር ኢንክ፣ ወፈር ያለ ወረቀት ይበቃል። የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፤ 300 ግራም የሚባለውን የውሃ ቀለም ወረቀት ፈልጉ። በሻማው የፈለጋችሁትን ሣሉ። ምንም አይታይም። ከዚያ ኢንኩን በውሃ አቅጥናችሁ በሰፊ ብሩሽ አልብሱት። ሰሙ ውሃውን ይገፋዋል፣ የተደበቀው መሥመር ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። እጃችሁ የጠነከረበት፣ ያመነታበት፣ ሁሉም ይታያል። ሳይደርቅ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ብትበትኑበት ደግሞ እያንዳንዷ ፍሬ ውሃውን ወደ ራሷ ትስባለች። ሲደርቅ ጨውን አራግፉት፤ በየቦታው ኮከብ የመሰለ ምልክት ታገኛላችሁ።

እኔ መጀመሪያ ሰሞን ልኬን ሳላውቅ የዘይት ሥዕል ላይ አክሪሊክ ደረብኩ። ያምር ነበር። ከወራት በኋላ ጠርዙን በጥፍሬ ነካ ባደርገው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሳ። አክሪሊክ ቅባት ላይ አይጨብጥም፤ ዘይቱም ቀስ እያለ ስለሚደርቅ ከሥር ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ውሃ ነክ የሆነው ከሥር፣ ዘይቱ ከላይ ነው። ኢንክ ላይ ሌላ ነገር ከመደረባችሁ በፊትም የደረቀውን መሥመር በእርጥብ ጣት ሞክሩት። ከለቀቀ ውሃ የሚችለውን ኢንክ ፈልጉ።

ይህን ድርብርብ ጉዳይ ጥግ ድረስ የወሰደችው ለእኔ ጁሊ ምሕረቱ ናት። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገችው ሠዓሊ በኢንክ ትሥላለች፣ በላዩ ብርሃን አሳላፊ የአክሪሊክ ንብርብር ታለብሳለች፣ በአሸዋ ወረቀት ታለሰልሰውና እንደገና ትሥልበታለች። በ2004 እ.ኤ.አ. የሠራችውን «ስታዲያ 2» ስታዩ የሥሩ መሥመር በላዩ ሥር ሆኖ ያያችኋል፣ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ከተማ። እዚህ ማቴሪያሉ ሥራ አለው። ቁልፍና ላባ ለጥፎ «ሚክስድ ሚዲያ» ማለት ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ መሳቢያ መገልበጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ኢንክ ፀሐይ አይችልም፣ በተለይ ለብዕር የተሠራው። ከመግዛታችሁ በፊት ባትችሉ እንኳ ከመሣላችሁ በፊት ወረቀት ላይ ቀቡት፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለጥፉት። እኔ ከሁለት ወር በኋላ ካርቶኑን ስገልጥ የምወደው ሐምራዊ ከሥር እንደነበረ ነበር። ውጪ የቀረው ግማሽ ቀጭን ሻይ መስሏል።