«መጀመሪያ ኮከብ ይሁን፣ አሰልጣኝነቱ ይደርሳል» እና ሌሎች ስለ አይስ ሆኪ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ባለፈው ቅዳሜ ስታዲየም አካባቢ ማኪያቶ ልንጠጣ ቁጭ እንዳልን አንድ ጥቁር ጎማ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የእህቴ ልጅ ከካናዳ፣ ከኤድመንተን የላከልኝ ነው። ፓክ ይባላል፤ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱት የአይስ ሆኪ ኳስ በሉት። ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ነው። አንዱ ጓደኛዬ በእጁ መዘን መዘን አደረገና «ይሄ ጥርስ ላይ ቢያርፍስ?» አለ። ልጁ ሲያድግ የሆኪ አሰልጣኝ መሆን ነው የሚፈልገው ስላቸው ወሬው ደራ። የሰማሁትን በሙሉ ማለት ይቻላል ሌላ ቦታም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

«መጀመሪያ ኮከብ ይሁን፣ አሰልጣኝነቱ ይደርሳል»

ዌይን ግሬትዝኪን እንይ። ኤን ኤች ኤል በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ትልቁ ሊግ 894 ጎል ያገባ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 የፊኒክስን ቡድን አሰለጠነ። በአራት የውድድር ዘመን አንድም ጊዜ ጥሎ ማለፍ አልገባም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በደመ ነፍስ የምታየውን ነገር ለማያየው ሰው ማስረዳት ከባድ ነው።

በሌላ በኩል ስኮቲ ቦውማን አለ። በዚያ ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ ተጫውቶ አያውቅም። በአሰልጣኝነት ግን ትልቁን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ 9 ጊዜ ወስዷል። በ2020 እና በ2021 ታምፓ ቤይን ለዋንጫ ያበቃው ጆን ኩፐር ደግሞ ቀድሞ ጠበቃ ነበር።

ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ጋሼ ግን ዝም አላሉም። «መንግሥቱ ወርቁስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ1954 ዓ.ም እዚሁ ከመንገዱ ማዶ ባለው ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ጎል ካገቡት አንዱ እሱ ነው። በኋላም ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኗል። ኮከብ የነበረ ሰው አሰልጣኝ አይሆንም አላልኩም። አንዱ ሌላውን በራሱ አያመጣውም ነው ያልኩት።

«ግዙፍ ያልሆነ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?»

የእህቴ ልጅ ትንሽዬ ስለሆነ ይሄኛው ይነካኛል። ማርቲን ሴንት ሉዊ ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ነው። ቡድኖች ወጣቶችን በሚመርጡበት ድራፍት ማንም አልመረጠውም። ካልጋሪ ወሰደውና እ.ኤ.አ. በ2000 ለቀቀው። ታምፓ ገባ። በ2004 በአንድ የውድድር ዘመን ዋንጫውን በላ፣ በጎልና በማቀበል ከሁሉም በለጠ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። በ37 ዓመቱ እንደገና ከሁሉም በለጠ።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ያደረገውን ነው ይበልጥ የምወደው። የገዛ ልጆቹን ቡድን ያሰለጥን ነበር። አዎ፣ የልጆች ቡድን። በየካቲት 2022 ሞንትሪያል ጠራው። ቡድኑ ያኔ ከሊጉ መጨረሻ ነበር፤ እሱም ከዚያ በፊት አንድም የፕሮፌሽናል ቡድን አሰልጥኖ አያውቅም። በ2025 ሞንትሪያልን ጥሎ ማለፍ አስገባው። ወደ ጎን ተገፍቶ የኖረ ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ምን እንደሚያስብ አይጠፋውም ብዬ አምናለሁ።

«የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ ጥቁር የለበትም»

ዊሊ ኦሪ ለቦስተን የተሰለፈው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ በዚያ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች። ያውም ቀኝ ዓይኑ አያይም ነበር፤ እንዳይከለክሉት ደብቆ ነው የተጫወተው። ደርክ ግራሃም ደግሞ የቺካጎ አምበል ነበር፤ በ1998 የዚያው ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከእሱ በፊት በሊጉ ጥቁር ዋና አሰልጣኝ አልነበረም። ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤታችን ናይሮቢም አይስ ላየንስ የሚባል የኬንያ ቡድን አለ።

«ቦክስ ይፈቀዳል»

አይፈቀድም። ጓንቱን ጥሎ የተደባደበ 5 ደቂቃ ከሜዳ ውጭ ይቀመጣል።

«አሰልጣኝ ቆሞ ከመጮህ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

እዚህ ላይ ነው ኳስ ተመልካቹ የሚሳሳተው። በሆኪ በረዶው ላይ ከአንድ ቡድን በረኛውን ጨምሮ 6 ሰው ነው ያለው። ሩጫው ከባድ ስለሆነ አንድ ተጫዋች ወደ 45 ሰከንድ ተጫውቶ ይወጣል። ቅያሪው ገደብ የለውም፤ ጨዋታውም አይቆምም። አንድ ሰው ከበዛ ቅጣት አለ፤ ቡድኑ ለ2 ደቂቃ በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። አሰልጣኙ ከወንበሩ ኋላ ቆሞ ማን ደከመ፣ ቀጥሎ ማን ይግባ፣ ከተጋጣሚው ማን ገባ እያለ 60 ደቂቃ ሙሉ ሲያሰላ ይውላል።

የእህቴ ልጅ በላከልኝ ቪዲዮ አሰልጣኙ ትከሻውን መታ ሲያደርገው ይታያል። ልጁ ወዲያው አጥሩን ዘሎ በረዶው ላይ ያርፋል።

እሁድ ደውሎልኝ ነበር። ሁለት ጨዋታ ሙሉ ወንበር ላይ እንደዋለ ሲነግረኝ አዘንኩለት። እሱ ግን ሌላ ወሬ ነበረው። «አጎቴ፣ ስቆጥር ነበር» አለኝ። «ግራ ክንፋችን 30 ሰከንድ ላይ ይደክማል። አሰልጣኛችን ገና አላየውም።»