ስትሬስ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ተጠርጣሪዎቹ የታወቁ ናቸው። መጀመሪያ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ ኔትወርኩ። አንዳንዴ እውነትም እነሱ ናቸው። ብዙ ጊዜ ግን ማንም አላጣራም። ሊኑክስ የሚባለውን፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሥርዓተ ክወና ለሚጠቀም ሰው ማጣሪያው እጁ ላይ ነው፤ ስትሬስ (strace) ይባላል።

ስትሬስ ከተርሚናል፣ ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት፣ የሚነሳ መሣሪያ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ሰንኦኤስ ለሚባል ሌላ ሥርዓተ ክወና ተጽፎ ኋላ ወደ ሊኑክስ ተሻገረ። ሥራው አንድ ፕሮግራም ከርነሉን፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ የሚጠይቀውን መመዝገብ ነው። ፕሮግራም በራሱ ፋይል መክፈትም ሆነ ኔትወርክ ላይ መላክ አይችልም። መጋዘን እንዳይገባ እንደተከለከለ ደንበኛ በመስኮት ይጠይቃል፤ ከርነሉ ያቀብለዋል ወይም የለም ይለዋል። ይህ ጥያቄ ሲስተም ኮል ይባላል።

አነሳሱ ቀላል ነው። ስትሬስ ብላችሁ ከጎኑ የፕሮግራሙን ስም ትጽፋላችሁ። ፕሮግራሙ ቀድሞ ተነስቶ ከሆነ ሰረዝ ፒ እና የፕሮሰሱን (የተነሳውን ፕሮግራም) ቁጥር ስጡት፤ ብዙ ጊዜ ሱዶ፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ራሱ የሚያስነሳቸውን ልጅ ፕሮሰሶችንም እንዲከተል ሰረዝ ኤፍ ጨምሩ።

መስመሮቹ ሲጎርፉ አትደንግጡ። የጥያቄው ስም፣ በቅንፍ ዝርዝሩ፣ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ መልሱ፤ በቃ። መልሱ ነጌቲቭ 1 ከሆነ አልተሳካም ማለት ነው፣ ምክንያቱም አጠገቡ አለ። «ፋይሉ የለም» የሚለው ግን ጤነኛ ፕሮግራም ላይም ይበዛል፤ አንዱን ፋይል ፍለጋ ብዙ ፎልደር ስለሚያስሱ ነው። የሚያሳስበው ፕሮግራሙ ከመዘጋቱ በፊት መጨረሻ ላይ የመጣው ነው።

አሁን የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ የሽያጭ ፕሮግራሙ ሲከፈት ፍዝዝ ይላል እንበል። ሰረዝ ሲ ብትሉ ስትሬስ ጥያቄዎቹን ደምሮ በሰንጠረዥ ያወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሰንጠረዡ፣ ካላዘዛችሁት በቀር፣ ከርነሉ የሠራበትን ጊዜ እንጂ ፕሮግራሙ የጠበቀበትን አይደምርም። 10 ሰከንድ ሙሉ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ፕሮግራም ምንም ያልነካው ይመስላል። ስለዚህ ሰረዝ ደብልዩ አብራችሁ ጻፉ።

ከዚያ ሰንጠረዡን ትታችሁ፣ በሰረዝ ካፒታል ቲ ድገሙት። በየመስመሩ መጨረሻ የፈጀው ጊዜ ይወጣል። «ፖል» የሚባለው፣ ፕሮግራሙ መልስ የሚጠብቅበት ጥያቄ 5 ሰከንድ ያህል ከወሰደ፣ ከላዩ ያሉትን ጥቂት መስመሮች እዩ። ፖርት 53 ከተጠቀሰባቸው ፕሮግራሙ የማይመልስ የዲኤንኤስ ሰርቨር፣ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን፣ እየጠበቀ ነው። 5 ሰከንድ የሊኑክስ የተለመደው የዲኤንኤስ መጠበቂያ ነው። የኢንተርኔት መስመሩ ፈጣን ሆኖ የዲኤንኤስ ሰርቨሩ አድራሻ ብቻ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔት ጨምሮ መግዛት አይፈታውም።

ስትሬስ ዝም ብሎ ፕሮሰሰሩ ግን 100 ፐርሰንት ላይ ከሆነ ፕሮግራሙ ስሌት ላይ ነው። የጋለ ፕሮሰሰር ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ሙቀቱን መጠርጠር ያኔ ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የፐርፍ፣ ፕሮግራሙ ፕሮሰሰሩን የት እንደሚያደክም የሚያሳይ የሌላ የሊኑክስ መሣሪያ፣ ሥራ ነው።

ስትሬስ እያንዳንዱን ጥያቄ ሲገባም ሲወጣም ስለሚያስቆም ፕሮግራሙን በጣም ያዘገየዋል። ደንበኛ በተሰለፈበት ጠዋት ዳታቤዝ ላይ አታስነሱት። ሱቆች ለቀትሩ ሲዘጉ ይሻላል። ውጤቱን በሰረዝ ኦ ፋይል ላይ አስቀምጡት። ለባለሙያ ከመላካችሁ በፊት ግን አንብቡት፤ ከሚጻፈውና ከሚነበበው ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹን 32 ባይቶች ስለሚያሳይ የይለፍ ቃል አብሮ ሊገባ ይችላል።