ሚሊፎኒ በአዲስ አበባ ዳርቻ ኬክ ቤቶች

ሚሊፎኒ መነሻው ፈረንሳይ የሆነ፣ በስሱ ተዳምጦ ከተደራረበ ሊጥና ከክሬም የሚሠራ ኬክ ነው። በአያት፣ በሰሚት፣ በጀሞ፣ በቱሉ ዲምቱና በየካ አባዶ ኬክ ቤቶች መስታወት ውስጥ፣ ከባለ ቀለም ቶርታዎች ጎን የተፈጨ ስኳር ተነስንሶበት ይቀመጣል። ዓይን ብዙም አይስብም፤ ደንበኛ በጣቱ የሚያመለክተው አብዛኛውን ጊዜ የክሬም ጽጌረዳ ያለበትን ቁራጭ ነው። በደንብ የተሠራ ሚሊፎኒ ግን መስታወቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጣል።

የተደራረበ ሊጥ አሠራር ፈረንሳዊው ምግብ አብሳይ ላ ቫሬን እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ተገልጿል። እ.ኤ.አ. በ1833 ያረፈው ዝነኛው ፈረንሳዊ ኬክ ጋጋሪ ካሬም ደግሞ ሚሊፎኒን ገና በዚያን ዘመን ጥንታዊ ኬክ ብሎታል፤ ስለዚህ ፈጣሪው ማን ነው ብሎ መከራከር ብዙም አያዋጣም። ወደ እኛ የመጣበት መንገድም ቀጥ ያለ አይደለም። ፈረንሳዮች የዘረጉት የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ቢሆንም፣ በከተማዋ የኬክ ቤት ልማድ ላይ ጎልቶ የሚታየው የጣሊያኖች እጅ ነው። ለብዙ ነዋሪ ኬክ ማለት ፒያሳ፣ ፒያሳ ማለትም ኤንሪኮ ኬክ ቤት ነበር። ኬክ ቤት ከተማዋ ዳርቻ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ኮንዶሚኒየሞች ተሠርተው የምድር ወለል ሱቆቻቸው በጨረታ ለንግድ ሲሸጡ፣ ከመድኃኒት ቤቱና ከሥጋ ቤቱ አጠገብ ኬክ ቤቶችም ተከፈቱ።

ሙያው ያለው ሊጡ ላይ ነው። ፉርኖ ዱቄት በውኃና በጨው ተለውሶ እንዲያርፍ ይተዋል። ከዚያ የቀዘቀዘ ቅቤ ተጠፍጥፎ መሐሉ ላይ ይደረግና ሊጡ እንደ ፖስታ ይታጠፍበታል፤ በመዳመጫ ተዘርግቶ ሦስት ላይ ይታጠፋል፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያርፍና እንደገና ይዘረጋል። ይህ ስድስት ጊዜ ሲደጋገም ቅቤው 729 ንብብር ይሆናል። እርሾ የለበትም። ምድጃ ሲገባ በቅቤውና በሊጡ ውስጥ ያለው ውኃ እንፋሎት ይሆንና ንብብሮቹን እያነሣ ይለያያቸዋል። ጋጋሪው አስቀድሞ ሊጡን በሹካ ይወጋጋዋል፤ አንዳንዱም ሌላ ትሪ ይጭንበታል፤ እንዳሻው ከተነፋ ክሬም መሸከም አይችልምና። ሲቀዘቅዝ ሦስት የሊጥ ቁራጭ በሁለት ድርብ ክሬም ይያያዛል። ክሬሙ ከወተት፣ ከእንቁላል አስኳል፣ ከስኳርና ከጥቂት ዱቄት ተማስሎ የሚወፍር ነው።

ቅቤው በመሐል ከቀለጠ ሊጡ ውስጥ ይሰርግና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የምትገኘው አዲስ አበባ በዚህ በኩል ታድላለች፤ የለገጣፎና የሱሉልታ አቅጣጫ የማለዳ ብርድ ለሊጥ ዳማጭ ረዳት ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ብርዱም አያድንም። ምድጃ ውስጥ በግማሽ ተነፍቶ የወረደ ሊጥ ዳግም አይነሣም።

በፈረንሳይ አሠራር የሚገባው የላም ቅቤ ነው። በዳርቻው፣ ዋጋው ስለማይቀመስ፣ ማርጋሪን ቦታውን ይይዛል። ማርጋሪን ቶሎ ስለማይቀልጥ ለመዳመጥ ይመቻል፣ ንብብሩንም ከፍ ያደርጋል፤ ላንቃ ላይ ግን ሰም ሰም የሚል ነገር ትቶ ይሄዳል። ይህን ጉድለት የሚክስ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ የሚጾም ኦርቶዶክሳዊ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይነካም፤ ኬክ ቤት ደግሞ ኪራይ እየከፈለ ሁለት ወር ዘግቶ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ የጾም ሚሊፎኒ ይጋገራል፤ ሊጡ በአትክልት ማርጋሪን ይሠራል፣ ክሬሙም በማርማላታ ይተካል። አንዳንድ ማርጋሪን ወተት ስላለበት ጠንቃቃ ጿሚ ሳይጠይቅ አይገዛም። ጾም ስለሆነ ብቻ የሚናቅ አይደለም። ስስ ሆኖ የተቀባ ማርማላታ ሊጡን እንደ ክሬም ቶሎ አያርሰውምና፣ ከሰዓት በኋላ ለሚመጣ ሰው የጾሙ ከፍስኩ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

የፍስኩ ሚሊፎኒ ዕድሜው አጭር ነው። ክሬሙ እንደተቀባ ሊጡን ማለስለስ ይጀምራል፤ ጠዋት ከማኪያቶ ጋር ሲቀርብ ሹካ ሲነካው የሚንኮሻኮሸው ኬክ ማታ ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ይጠቀለላል። ሹካ ከላይ ሲጫነው ክሬሙ በአራቱም ጎን ያፈተልካል፤ የለመዱት በጎኑ አስተኝተው ይቆርጡታል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደሩ ክሬሙን ከመበላሸት ቢያድንም የሊጡን መንኮሻኮሽ አይመልስም። ለእንግድነት ይዞ ለሚሄድ ሰው ቶርታ ይሻለዋል። ሚሊፎኒ በካርቶን ተይዞ ከጀሞ ሜክሲኮ ድረስ በሚኒባስ ከተጓዘ፣ የላይኛው ሊጥ ተንሸራቶ ክዳኑ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።