የአፈርን ዓይነት ስለመለየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአንድን አፈር ዓይነት የሚናገሩ ምስክሮች ሦስት ናቸው፤ ከቤተ ሙከራ የሚመጣው ቁጥር፣ የአካባቢው የአየር ንብረት እና አፈሩ የተቀመጠበት መልክዓ ምድር። ሩሲያዊው ሊቅ ቫሲሊ ዶኩቻዬቭ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ እንዳስተማረው አፈር የፈረሰ ዓለት ብቻ አይደለም። የአየር ንብረት፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ የመሬት አቀማመጥ፣ መነሻው ዓለት እና ዘመን ተጋግዘው የሠሩት ራሱን የቻለ አካል ነው። ትምህርቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ዛሬም አንዱን ምስክር ብቻ ሰምቶ ፍርድ መስጠት የተለመደ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚያ ነው።

«የቤተ ሙከራ ውጤት ከተገኘ የአፈሩ ዓይነት ታውቋል»

ከሁሉም የተስፋፋውም ከሁሉም የሚጎዳውም ይህ ነው። ሁለት ናሙናዎችን እናስብ። የሁለቱም ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበረታል) 5.5፣ የሸክላ ይዘታቸው 45 በመቶ፣ ካርቦናቸው 2 በመቶ ነው። አንደኛው ውሃ በደንብ ከሚያሳልፍ ተዳፋት የመጣ፣ ሥር ያለ ችግር ወደ ታች የሚወርድበት ጥልቅ ቀይ አፈር ነው። ሌላው የመጣው በዓመት ውስጥ ለወራት ውሃ ከሚተኛበት ረባዳ ሜዳ ነው፤ ግራጫ ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ አለበት። በወረቀት ላይ አይለያዩም። በመሬት ላይ ግን ለአንዱ የሚስማማው ሰብልም ሆነ አያያዝ ለሌላው አይሆንም።

ምክንያቱ ናሙናው ቤተ ሙከራ ሲደርስ የሚሆነው ነገር ነው። በአየር ይደርቃል፣ ይደቅቃል፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። በዚህ መሀል የአፈሩ አወቃቀር፣ ስንጥቁ፣ የሥሩ መንገድ፣ የቀለም ነጠብጣቡ፣ በጓሉ ፊት ላይ የተለበጠው ስስ የሸክላ ሽፋን ሁሉ ይጠፋል። በወንፊቱ ላይ የቀረው ድንጋይም ይጣላል። ድንጋዩ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። 2 በመቶ ካርቦን ያለው፣ እፍጋቱ በሜትር ኩብ 1.3 ቶን የሆነ አፈር እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በሄክታር 52 ቶን ካርቦን ይይዛል። አፈሩ ከያዘው ቦታ (ቮልዩም) 40 በመቶው ድንጋይ ከሆነ ግን የሚቀረው 31 ቶን ገደማ ነው። ከቤተ ሙከራ የሚመጣው ወረቀት በሁለቱም ጊዜ «2 በመቶ» ይላል።

ጉድጓድ የሚቆፈረው ለዚህ ነው፤ ዓለት ካልገጠመ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር። ግድግዳው በቢላዋ ይጸዳል፣ ንብርብሮቹ አንድ በአንድ ይለያሉ፣ የእያንዳንዱ ቀለም፣ አወቃቀር፣ የሥር ብዛትና ወሰን ይመዘገባል። ናሙናም የሚወሰደው ከታችኛው ንብርብር ተጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ከተጀመረ እየረገፈ የሚወርደው አፈር የታችኛውን ይበክለዋል። በዚህ ደረጃ የተበላሸን ናሙና የትኛውም ውድ መሣሪያ አያቃናውም።

«ከላይ 20 ሴንቲ ሜትር የተሰበሰበ ድብልቅ ናሙና ይበቃል»

ለማዳበሪያ ምክር ይበቃል፤ የተዘጋጀውም ለዚያ ነው። የአፈርን ዓይነት ለመለየት ግን አይሆንም። ብዙዎቹ የአፈር ዓይነቶች ስማቸውን የሚያገኙት ከማረሻ በታች ከሆነው ነገር ነው፤ ሸክላ ከላይ ታጥቦ ታች ሲከማች፣ ኖራ ወይም ጂፕሰም ሲረጋ፣ ብረት ጠጥሮ ንጣፍ ሲሠራ።

«ጥቁር አፈር ለም ነው፣ ቀይ አፈር የደከመ ነው»

የዩክሬንና የሩሲያ ሜዳዎች ቼርኖዜም ጥቁረቱን ያገኘው በእርግጥ ከብስባሽ ነው። ዋልካ፣ በዓለም አቀፍ ስሙ ቨርቲሶል፣ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ሆኖም ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ያለው ጥቂት ብስባሽ ከሚያብጠው ሸክላ ጋር በጥብቅ ተቆራኝቶ ያጠቁረዋል። ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ደግሞ ሄማታይት የተባለው የብረት ማዕድን ነው፤ መቅላቱ ስለ ድካም የሚነግረን ነገር የለም። ኒቲሶል የሚባሉት ጥልቅ ቀያይ አፈሮች በሐሩር ክልል ካሉት እጅግ ምርታማ አፈሮች መካከል ይቆጠራሉ።

ቀለም በተሻለ የሚመሰክረው ስለ ውሃና ስለ አየር ነው። ውሃ ሲተኛ አየር ይጠፋል፣ ብረቱ ይሟሟል፣ አፈሩ ይገረጣል። ውሃው ሲሸሽና አየር ሲገባ ብረቱ በስንጥቅና በሥር ዙሪያ ዝገት ሆኖ ይረጋል። ስለዚህ ጉድጓዱ ደርቆ በተገኘበት ወቅት እንኳ የውሃውን ታሪክ ከግድግዳው ማንበብ ይቻላል። ቀለሙ በመንሰል የቀለም ሰንጠረዥ ሲለካ አፈሩ ርጥብ መሆን አለመሆኑ መጻፍ አለበት፤ ያው አፈር ሲደርቅ ጎላ ብሎ ይነጣልና።

«ፒኤች 5.2 ማለት ፒኤች 5.2 ማለት ነው»

በምን ተለካ? ፖታሺየም ክሎራይድ በተባለ ጨው ውሁድ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ከተለካው ከ0.5 እስከ 1 ያህል ዝቅ ይላል። እናም በውሃ 5.2 የተባለው አፈር በጨው ውሁድ 5.2 ከተባለው ይልቅ አሲዳማ ነው። እጅግ በታጠቡ አንዳንድ የሐሩር አፈሮች ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና በጨው የተለካው ከፍ ይላል። ያ መገልበጥ ራሱ አፈሩን ለመለየት የሚረዳ ትልቅ ምልክት ስለሆነ ሁለቱንም መለካት ይገባል ባይ ነኝ።

ካርቦንም እንዲሁ ነው። ከ1934 ጀምሮ የሚታወቀው የዎክሊና ብላክ ዘዴ በአማካይ ከካርቦኑ 77 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሚያገኝ ውጤቱ በ1.3 ገደማ ይባዛል። በከፍተኛ ሙቀት አቃጥሎ የሚለካው ዘመናዊ ዘዴ ይህን አይፈልግም። የድሮውን ሳያርሙ ከአዲሱ ጋር ያነጻጸሩ እንደሆነ መሬቱ ያላገኘውን ካርቦን ያገኘ ይመስላል።

የካታዮን ልውውጥ አቅምን፣ ማለትም አፈሩ እንደ ካልሲየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን ይዞ የማቆየት አቅሙን፣ የተመለከተው ስሕተት ይበልጥ ስውር ነው። የተለመደው የአሞኒየም አሲቴት ዘዴ የሚለካው በፒኤች 7 ነው። አፈሩ በማሳው ላይ ፒኤች 4.8 ከሆነና የሸክላው የኤሌክትሪክ ሙል ከፒኤች ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ ቤተ ሙከራው የሚሰጠን አፈሩ በተፈጥሮ የሌለውን አቅም ነው። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሺየምና ሶዲየም ከዚያ አቅም በመቶ ስንቱን እንደያዙ ሲሰላም ድርሻቸው ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። ብዙ ምደባዎች የሚወሰኑት ይህ ድርሻ ከ50 በመቶ በላይ ወይም በታች በመሆኑ ስለሆነ የአለካክ ዘዴው የአፈሩን ስም እስከመቀየር ይደርሳል።

«የእጅ ምርመራና የቤተ ሙከራ ውጤት ከተጋጩ የተሳሳተው እጅ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም፤ የእጅ ምርመራ የምለው አፈርን በጣት አሽቶ የሸክላውን መጠን መገመትን ነው። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጠረ አፈር በመለኪያው ውሃ ውስጥ በደንብ አይበተንም፤ ደቃቁ ክፍል ተጣብቆ ስለሚቀር የሸክላው መጠን ዝቅ ብሎ ይወጣል። ብረት ያጣበቀው ቀይ አፈር ደግሞ በጣት ሲታሽ አሸዋማ ይመስላል፤ በደንብ ሲበተን ግን 60 በመቶ ሸክላ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው እጅ ወደ እውነቱ ይቀርባል፣ በሁለተኛው መሣሪያው። ልዩነቱ ሲታይ አንዱን መሰረዝ ሳይሆን የመነሻ ዓለቱን መጠየቅ ይሻላል።

«የዓመቱ የዝናብ መጠን ከታወቀ የአየር ንብረቱ ታውቋል»

900 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሦስት ወር ሲወርድና በዐሥር ወር ተከፋፍሎ ሲወርድ የሚሠራው አፈር አንድ አይደለም። አፈርን የሚያጥበው ከትነትና ከዕፅዋት ፍጆታ ተርፎ ወደ ታች የሚሰርገው ውሃ ነው፤ ስለዚህ የየወሩ ዝናብ ከየወሩ ትነት ጋር ይነጻጸራል። በቀዝቃዛ ደጋ የሚተርፈው ውሃ በሞቃት ቆላ ተንኖ ያልቃል። የአየሩ ሙቀትም የአፈሩ ሙቀት አይደለም። በአሜሪካው የአፈር ምደባ የአፈር ሙቀት የሚታሰበው በ50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ነው።

በዚህ ላይ ዘመን ይጨመራል። በአውስትራሊያ ደረቅ መሀል አገር የሚገኙ ጥልቅ፣ በብረት የበለጸጉ ቀያይ አፈሮች ዛሬ ባለው ዝናብ የሚፈጠሩ አይደሉም፤ የጥንት እርጥብ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። የዛሬውን ሜትሮሎጂ ብቻ ይዞ የቀረበ ሰው እነሱን ማስረዳት አይችልም።

ሁለቱ ታላላቅ የምደባ ሥርዓቶች እዚህ ላይ ይለያያሉ። 12 ዋና ክፍሎች ያሉት የአሜሪካው ሥርዓት የአፈርን ርጥበትና ሙቀት በስሙ ውስጥ ያስገባል። 32 ዋና ቡድኖች ያሉት ዓለም አቀፉ የማጣቀሻ ሥርዓት ግን የአየር ንብረትን ከመመደቢያ መስፈርቶቹ ሆን ብሎ ያወጣዋል፤ መረጃው አፈሩ ምን ሊያበቅል እንደሚችል ለመተርጎም እንጂ ለመሰየም አይውልም።

«በአንድ ዓለትና በአንድ ዝናብ ሥር አንድ አፈር ይገኛል»

ጄፍሪ ሚልን በ1930ዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ ሲሠራ ይህን አመለካከት አፈረሰ። ከኮረብታ አናት እስከ ሸለቆ ግርጌ ያሉት አፈሮች እርስ በርሳቸው የተያያዙ መሆናቸውን አይቶ «ካቴና»፣ ማለትም ሰንሰለት፣ አላቸው። አናቱ ላይ ውሃው ቶሎ ይሸሻል፤ ሲሊካውን፣ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይዞ ይወርዳል፤ የሚቀረው ካኦሊናይት የተባለው የማያብጥ የሸክላ ማዕድን እና ብረት ነው፣ ቀይ አፈር። ወገቡ ላይ መሸርሸር ከበረታ አፈሩ ይሳሳል፣ ድንጋይ ይበዛዋል። ከላይ የተነሣው ሲሊካና ካልሲየም ግርጌው ላይ ይጠራቀምና የሚያብጥ ሸክላ ይፈጠራል፤ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በዝናብ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ይሆናል። ዓለቱ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ አፈሩ ሦስት። የናሙና ከረጢት ላይ ተዳፋቱና የቦታው አቀማመጥ ካልተጻፈ የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍንጭ አብሮ ይጠፋል።

«የዲጂታል ካርታ ስላለ ጉድጓድ አያስፈልግም»

በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ካሬ 25 ሄክታር ነው። በ1፡1,000,000 ላይ ደግሞ 10,000 ሄክታር። መላውን ዓለም የሚሸፍነው ሶይልግሪድስ የተባለው ካርታ እያንዳንዱ ነጥብ 250 ሜትር በ250 ሜትር ነው፤ ከ6 ሄክታር ይበልጣል። አሁን ያየነው ሰንሰለት ከአናቱ እስከ ግርጌው በአንዱ ነጥብ ውስጥ ሊገባና አንድ አማካይ ቁጥር ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ያ አማካይ ቀዩንም ጥቁሩንም አይመስልም።

ካርታው ራሱ የተሠራው ከተቆፈሩ ጉድጓዶች መረጃ፣ ከሳተላይት ምስልና ከአየር ንብረት መዝገብ ተሰልቶ ነው፤ ጉድጓድ በሌለበት አካባቢ ግምቱ ይላላል። አዘጋጆቹም ይህን አልደበቁም፤ ከእያንዳንዱ ግምት ጋር የእርግጠኝነት ወሰኑን አብረው አቅርበዋል። ካርታውን የሚጠቀም ሰው ያንን ወሰን ከፍቶ ይመልከት፤ ወሰኑ ሰፊ የሆነበትን ቦታ ይምረጥ፤ ከአናት እስከ ግርጌ ባለው መስመር ላይ ቢያንስ አናቱን፣ ወገቡንና ግርጌውን ያስቆፍር።