«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲባል፣ ያወጣው ማን ነው?

ባለፈው ጥር ለለቅሶ ወደ መንዝ ስሄድ ደብረ ብርሃን ላይ አደርኩ። የጥር ጠዋት ብርድ እዚያ ቀልድ አያውቅም። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ገባሁና ብርጭቆውን በሁለት እጄ አቅፌ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ሦስት ወጣቶች አሉ። አንደኛው በዚያው ሳምንት አባት ሆኗል፤ ፊቱ ያበራል። ስልኩን አውጥቶ ለጓደኞቹ ሲያሳያቸው የልጁን ፎቶ መስሎኝ ነበር። ለካ የስም ዝርዝር ነው። ሚስቱ ካረገዘች ጀምሮ ሲሰበስብ ከርሟል። ሠላሳ ምናምን ስም። ሌላ ሰው የሌለው፣ አጭር፣ ውጭ አገር ቢኬድም ለፈረንጅ አፍ የማይከብድ። አበጥሮ፣ አወዳድሮ አንዱን መርጧል። ስሙን ሲነግራቸው አንዱ ጓደኛው ጠረጴዛውን መታ አደረገና፣ «በቃ! ስምን መልአክ ያወጣዋል ማለት ይሄ ነው!» አለ።

ዝም ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። በወጣቱ ልከፋ አልችልም። ለልጁ ስም ሲጨነቅ የከረመ አባት ይመሰገናል። አባባሉ ግን ከነከነኝ። ጣርማበር ላይ ወደ ሞላሌ ስንታጠፍም እያብሰለሰልኩት ነበር። ወራት ሙሉ በስልክ የተፈለገ ስም እንዴት ነው መልአክ ያወጣው የሚሆነው?

ዛሬ አብዛኛው ሰው ይህን አባባል የሚያነሳው ስምና ባለስም ሲገጣጠሙ ነው። ሀብታሙ ሲከብር፣ ጀግናው ሲያሸንፍ፣ ደስታ ስትስቅ፣ ወዲያው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ሬዲዮም ቴሌቪዥንም እንግዳ ሲያስተዋውቁ ይቺን ሳይሏት አያልፉም። ስህተት ነው አልልም። ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ እህቴ የተወለደች ጊዜ።

ነሐሴ ነበር። ቤታችን ከመሐል ሜዳ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ጣሪያው የጓሳ ሣር፣ ውስጡ ጭስ ጭስ የሚል፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ደጁ ጭቃ ብቻ። እናቴ ምጥ ሲይዛት እኛን ልጆቹን ወደ ጎረቤት ሰደዱን። አባቴ በርኖሱን ደርቦ ከወንዶቹ ጋር ደጅ ቆሟል። ከውስጥ የሚሰማው «ማርያም! ማርያም!» ብቻ ነው። ከዚያ እልልታ ሆነ። ቆጠርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝም። በእኛ አገር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። «ሴት ናት!» ብለን በጭቃው ውስጥ ሮጥን።

ያን ቀን ስለ ስም ያነሳ ሰው የለም። በማግስቱም የለም። እንዲያ ነው ወጉ። ልጅ ሲወለድ ስም ተዘጋጅቶ አይጠብቀውም። ለጊዜው «እንግዳዋ» ትባላለች። «እንግዳዋ ተኛች?» «እንግዳዋ ጠባች?» እየተባለ ይሰነበታል። ከመወለዱ በፊት ስም ማሰናዳትማ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። በሰላም መገላገሉን ማን አየና?

በሦስተኛው ቀን ገንፎ ሆነ። አያቴ እምዬ ምድጃው ሥር ተንበርክካ የገብሱን ዱቄት በትልቁ ማማሰያ ታሸዋለች። ጉልበት ይጠይቃል። ግንባሯ ላይ ላብ ይወርዳል፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠብቃዋለች። ገንፎው ገበታው ላይ ሲገለበጥ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። መሐሉን በእጇ ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬውን ልታፈስ ስትል፣ የሰፈሩ ሴቶች መጡ። አሥር፣ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። ያ ሁሉ እግር በጭቃ ተለውሷል። ወደ አራስ ቤት ጭቃ ይዞ አይገባም። ስለዚህ ደፉ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ እግራቸውን ያራግፉ ጀመር። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ። ኋላማ እየሳቁ አንድ ላይ ሆኑ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ።

እምዬ ዓይኗ ደክሟል፤ ደጅ ያለውን አታይም። ቅቤውን እንደያዘች ቀና አለችና፣ «ኧረ በማርያም! ምንድን ነው? ሸዋ ረገደ እንዴ?» አለች።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እናቴ ከመደቡ ላይ፣ ከባናው ውስጥ፣ ደከም ባለ ድምፅ «እምዬ፣ በቃ፣ ስሟ እሱ ነው» አለች። እህቴ ሸዋረገድ ተባለች።

አባቴ ማታ ሲገባ «ማን አወጣላት?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እምዬ ተመለከቱ። እምዬ የሰው ዕቃ የሰረቀች ይመስል አቀርቅራ፣ «እኔ ምን አወጣሁ? እግራቸው ነው የተናገረው። ስምን መልአክ ያወጣዋል» አለች። አባባሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። የተናገረችውም ስሙ ከአፏ የወደቀባት ሴት፣ «የእኔ አይደለም» ለማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል፤ ብርቅ ስለሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ ከእህቴ ሌላ በአካል ያገኘኋቸው ሸዋረገድ አንዲት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በዕድሜ የገፉ የአንኮበር ሴት። በታሪክ የምናውቃት ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስሟ የገነነው አርበኛ ሸዋረገድ ገድሌ ናት። ሸዋዬ፣ ሸዋነሽ፣ ሸዋንግዛው፣ ሸዋንዳኝ ሞልተዋል። ሸዋረገድ ግን እየጠፋ ነው። ከተማ ውስጥ እህቴ ስሟን ስትናገር «ማን?» ብለው ሁለት ጊዜ ይጠይቋታል።

«ረገደ» በእግር መምታት፣ እየዘለሉ መሬትን መርገጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ወዲያው «መረግድ» ይለዋል። በማሕሌት ላይ ከዝማሜው (በመቋሚያ ከሚዜመው) በኋላ ካህናቱ በከበሮና በእግር እያሸበሸቡ የሚያዜሙት ማለት ነው። ሥሩ አንድ ነው። ስለዚህ ሸዋረገድ ማለት ሸዋ በደስታ ረገጠ፣ አሸበሸበ ነው።

የስሙን አሠራር ደግሞ ተመልከቱ። ልብነ ድንግል «ወናግ ሰገድ»፣ ቀዳማዊ ኢያሱ «አድያም ሰገድ» ይባሉ ነበር። እዚሁ ሸዋ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባት ራስ ወሰንሰገድ ናቸው። ወሰን ሰገደ ማለት ነው። «ሰገደ» ሰገድ ሆነ፣ «ረገደ» ረገድ ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ ሸዋረገድ የዚህ የቤተ መንግሥት ስም እህት ነው። ለወንዱ አገር ይሰግድለታል፤ ለሴቷ አገር ያሸበሽብላታል። ከአንጎለላና ከአንኮበር ግቢ ወጥቶ፣ በአዝማሪውና በአልቃሹ አፍ አልፎ፣ መንዝ አያቴ ምላስ ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል። እምዬ ቤተ መንግሥት አይታ አታውቅም። ቃሉ ግን በውስጧ ነበር፤ የሴቶቹ እግር አወጣው።

«አወጣው» ስል ወደ አባባሉ ልመለስ። ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ግስ ላይ ነው። እኛ ስም «እናወጣለን»። ውሃ ከጉድጓድ ይወጣል። እሾህ ከእግር ይወጣል። ድንች ከመሬት ይወጣል። ሁሉም ቀድሞ እዚያው የነበረ ነገር ነው። አባቶቻችን ለስም ይህን ግስ ሲመርጡ፣ ስሙ ከሕፃኑ ጋር አብሮ መጥቷል፣ የሚቀረው አንድ ሰው ሳያስበው እንዲስበው ብቻ ነው ማለታቸው ነው ብዬ አምናለሁ። የሚስበው ሰው ደግሞ ካሰበበት ተበላሸ። ለዚህ ነው በአባባሉ ውስጥ መልአክ የገባው።

የመልአኩ ነገር ከወንጌል ነው የሚሉ አሉ። ሉቃስ ምዕራፍ 1 ላይ ገብርኤል ዘካርያስን «ስሙንም ዮሐንስ ትለዋለህ» ይለዋል፤ እመቤታችንንም «ስሙንም ኢየሱስ ትዪዋለሽ»። አከብረዋለሁ። ነገር ግን እዚያ መልአኩ የሚናገረው ከመወለዱ በፊት፣ ፊት ለፊት፣ በግልጽ ነው። በእኛ አራስ ቤት መልአኩ አይታይም። በጎረቤት አፍ ያልፋል፣ በእግር ጭቃ ያልፋል።

የክርስትናውን ስም ያየን እንደሆነ ይበልጥ ይገባናል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ስሙን የሚሰጡት ካህኑ ናቸው። እህቴ ወለተ ማርያም ናት። ያ ስም የሚመጣው ከቅዱሳኑ ነው፤ ባለቤት አለው፣ ጠባቂ አለው። በእኛ ዘንድ በአደባባይም አይጠራም፤ ክፉ ሰው ሰምቶ እንዳይደግምበት ይሸሸጋል። የቤት ስም ግን ገበያ የሚወጣ፣ እረኛ ከተራራ ወዲያ ማዶ የሚጣራው ስም ነው። ጠባቂ የለውም። መልአክ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የሚሞላው የምኒልክ ታሪክ ነው። በ1836 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አንጎለላ ተወለዱ። ወሩ የእህቴም ወር ነው። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም። እናታቸው እጅጋየሁ ናቸው፤ ስማቸው ራሱ «እጅግ አየሁ» የሚል አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። በአገራችን እንደሚተረከው፣ አያትየው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጁን መወለድ ሲሰሙ «ስሙን ምን ይልህ ሸዋ በሉት» አሉ። «ምን ይልህ» ኋላ ምኒልክ ሆነ። ሸዋ ምን ይልህ ይሆን? ንጉሥም ቢሆን ከአፉ ወጣ እንጂ ዝርዝር አልያዘም። የእምዬ «ሸዋ ረገደ እንዴ» እና የንጉሡ «ምን ይልህ ሸዋ» ለእኔ የአንድ አገር ንግግር ናቸው። ሁለቱም ጥያቄ ናቸው። ሁለቱም ሕፃኑን ከአገሩ ፊት ያቆሙታል።

እና የሻይ ቤቱ ወጣት ወዳጄ፣ ስሙን አንተው ፈልገህ አንተው ከመረጥከው «እኔ ነኝ ያወጣሁለት» በል። ነውር የለውም፤ ልጅህ ሲያድግ ደስ ይለዋል። ጓደኛህን ግን እወቅሰዋለሁ። ያ አባባል ጭብጨባ አይደለም። ስም ያወጣ ሰው ወደ ኋላ የሚልበት፣ እጁን የሚሰበስብበት ቃል ነው። የሬዲዮ ጋዜጠኞችም ሀብታሙን ሁሉ ባያችሁ ቁጥር አትምዘዙት። ሲሆን ሲሆን ያወጣለትን ሰው ጠይቁልን። ማን አለው? የት ቆሞ? ምን እየሠራ? ወሬው ያለው እዚያ ነው።

እህቴ አምና ወለደች። በጤና ጣቢያ። እናት ልጇን ገና እንዳቀፈች ነርሷ ካርድ ይዛ መጣች። «የሕፃኗ ስም ማን ልበል?» አለቻት።

«ገና አልወጣም» አለች ሸዋረገድ።

ነርሷ ትንሽ ጠበቀች። እህቴ ምንም አልጨመረችም። ነርሷም ጎንበስ ብላ ካርዱ ላይ «የሸዋረገድ ልጅ» ብላ ጻፈች።