ሴንሰሪ ጋርደን ምንድን ነው?

አንድ ልጅ ሮዝመሪ ፊት ቆሟል። ከጫፏ ቀንጠስ አደረገ። በሁለት ጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋትና ወዲያው ወረወራት። ትንሽ ቆየ። ሌላ ቀነጠሰ። ይህችኛዋን ግን አልጣላትም፤ በእጁ ጨብጧት መንገዱን ቀጠለ።

ልብ በሉ፣ ልጁን "አሽትት" ያለው ሰው የለም። ሽታውም ድንገት መጥቶ አልወረረውም። ሮዝመሪ ካልነኳት ብዙም የማትሸት ተክል ናት፤ ስትታሽ ነው ጠረኗን የምትለቀው። መቼ እንደሚያሸት፣ ምን ያህል እንደሚያሸት፣ መቼ እንደሚበቃው የወሰነው እሱ ራሱ ነው። ሴንሰሪ ጋርደን የሚባለው ነገር በአንዲት ቅጠል ሲታይ ይህን ይመስላል።

ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው "የስሜት ሕዋሳት የአትክልት ስፍራ" እንደ ማለት ነው። እርግጥ የትኛውም አትክልት ቦታ ዓይንም አፍንጫም ይነካል። የዚህኛው ልዩነት ተክሉም፣ መንገዱም፣ መቀመጫውም፣ ጥላውም አንድ ጥያቄ ተጠይቆባቸው መቀመጣቸው ነው፦ እዚህ የሚገባው ሰው ይህን ነገር ሲያይ፣ ሲሰማ፣ ሲነካ፣ ሲረግጥ ምን ይሰማዋል?

እዚህ የማወራው ኦቲዝም ላላቸው ሰዎች ስለሚሆነው ሴንሰሪ ጋርደን ነው፤ ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ፣ አእምሮ የሚያድግበትና ዓለምን የሚረዳበት የተለየ መንገድ ነው። ሐሳቡ የተጀመረው ግን ለኦቲዝም ተብሎ አይደለም። ከቀደምቶቹ መካከል ለዓይነ ስውራን የተሠሩ የመዓዛ አትክልት ስፍራዎች ይገኛሉ። ኒውዮርክ ውስጥ በብሩክሊን የዕፅዋት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተው አንዱ ነው። ተክሎቹ ከፍ ባሉ መደቦች ላይ ስላሉ ሰው ሳያጎነብስ ወይም ከዊልቸሩ ሳይነሳ ይነካቸዋል፣ ያሸታቸዋል። ከዚያ በ1970ዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ ያን ሁልሴገ እና አድ ፈርሁል የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች በብርሃን፣ በድምፅና በሚዳሰሱ ነገሮች የተሰናዳ ክፍል ይዘው መጡ። ስሙን "ስኑዘለን" አሉት፤ ማነፍነፍና ማንቀላፋት የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የደች ቃላት አዳቅለው ነው። በዚያው ዘመን አሜሪካዊቷ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ሰዎች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን እንዲያከናውኑ የምትረዳ ባለሙያ) ጂን አየርስ አእምሮ ከስሜት ሕዋሳት የሚመጣለትን መልእክት እንዴት እንደሚያደራጅ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አዳበረች። ዛሬ ከኦቲዝም ጋር ተያይዞ ስለ ስሜት ሕዋሳት የሚነገረው ብዙው ነገር የእሷ ሥራ ዐሻራ አለበት።

ኦቲዝም ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ንግግርና ከሰው ጋር መግባባት ነው። የስሜት ሕዋሳት ጉዳይ ግን ከዚያ አያንስም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ፣ በዲኤስኤም-5፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለንክኪና ለመሳሰሉት ከመጠን ያለፈ ወይም ያነሰ ምላሽ መስጠት ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ ሰፍሯል።

በኑሮ ሲታይ እንዲህ ነው። አንዱ ሸሚዙ አንገት ላይ የተሰፋችው ትንሽ ምልክት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍገዋለች። ሌላ ሰው ልብ የማይለው የመብራት ጥዝዝታ ለእሱ ክፍሉን ሞልቶታል። ሌላዋ ጉልበቷ ተልጦ እየደማ ምንም እንዳልሆነች ትሮጣለች። ሌላው ደግሞ ይሽከረከራል፣ ይዘላል፣ ግድግዳ ይገፋል፤ ሰውነቱ ያን ስለሚፈልግ። ነገሩን የሚያወሳስበው ይህ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ሊገኝ መቻሉ ነው። የሰው ጫጫታ የማይችል ልጅ የራሱን ከፍ ያለ ድምፅ ሊወድ ይችላል። ጠዋት የወደደውን ነገር ደክሞት ከሰዓት በኋላ ሊሸሸው ይችላል።

ደግሞ የስሜት ሕዋሳት ስንል አምስቱን ቆጥረን እናቆማለን። ሌሎችም አሉ። ውስጠኛው ጆሮ ሚዛናችንን ይጠብቃል። ጡንቻዎቻችንና መገጣጠሚያዎቻችን ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ እጅና እግራችን የት እንዳለ ይነግሩናል። ረሃብን፣ ጥማትን፣ የሽንት መምጣትን ከውስጥ የሚያሳውቀንም አለ። አትክልት ስፍራውን የሚነድፍ ሰው እነዚህን ከረሳ ቦታው የሽታና የቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሴንሰሪ ጋርደን ሲባል ቀለም በቀለም የሆነ፣ ቃጭል የተንጠለጠለበት፣ ፏፏቴ የሚንዶቆዶቅበት ግቢ የሚታያቸው ብዙ ናቸው። በቅን ልብ የተሠራ ነው፤ ግን ድምፅ ለሚያስጨንቀው ልጅ እንዲህ ያለው ቦታ ከግርግር ጎዳና አይሻልም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የአንድ ሴንሰሪ ጋርደን ጥሩነት የሚለካው የገባበት ሰው "በቃኝ" ለማለት ባለው ዕድል ነው።

በዚህ ላይ ግብፃዊቷ አርክቴክት ማግዳ ሞስጠፋ ብዙ ሠርታለች። ለኦቲዝም የሚሆኑ ሕንፃዎች እንዴት ይነደፉ ለሚለው ሰባት መርሆች አስቀምጣለች። ሥራዋ ስለ ሕንፃ ቢሆንም ሦስቱ ለአትክልት ስፍራ ልክ የተሰፉ ያህል ናቸው፦ ቦታውን በሚሰጠው ስሜት መከፋፈል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ማረፊያ ማበጀት፣ እና ማምለጫ ጥግ ማዘጋጀት።

በሩ ላይ እንጀምር። ኦቲዝም ላለው ሰው የማያውቀው ቦታ ውስጥ ዘው ብሎ መግባት ከባድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከበሩ ጀርባ ምንም ያልበዛበት ትንሽ ቦታ ይተዋል። አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ዛፍ፣ ውስጥ ምን ምን እንዳለ በሥዕል የሚያሳይ ሰሌዳ። እዚያ ቁጭ ብሎ ውስጡን ማየት ይቻላል። ሳይገቡ መመለስም ይቻላል። መንገዱ ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ቦታ የሚመልስ ቢሆን ይመረጣል፤ የትም የማያደርስ መንገድ ግራ ያጋባል። ስፋቱም ሁለት ሰው ሳይነካካ የሚያሳልፍ ይሁን፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። ሳይታሰብ የሰው ትከሻ መንካቱ ብቻ የአንዳንዱን ቀን ያበላሻል።

ማምለጫ ጥጉ የቦታው ልብ ነው። በሦስት ወገን ቁጥቋጦ የከበበው፣ ከላይ ጥላ ያለው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ መቀመጫ ያለበት ቦታ አስቡ። ፊቱ ክፍት ነው፤ ተቀማጩ ማን እንደሚመጣ ያያል። ጀርባው ግን የተሸፈነ ነው፣ ከኋላው የሚመጣበት የለም። ጠንከር ያለ ሽታ ያለው አበባ እዚያ አይተከልም። ቃጭል አይሰቀልም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ሲያጠፋ የሚላክበት ቦታ እንዳይሆን አደራ። አንዴ ቅጣት ከሆነ ማረፊያነቱ ያከትማል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ደግሞ "ምነው፣ ምን ሆንክ?" እየተባለ አይጠየቅም። ዝም ይባላል።

ወደ ድምፅ እንምጣ። ቀርከሃና ረጃጅም ሣሮች ነፋስ ሲነካቸው የሚያሰሙት ሽውታ ለብዙ ሰው ይስማማል። ቀስ ብሎ የሚወርድ ውሃ ከውጭ የሚመጣውን የመኪና ድምፅ ይሸፍናል። ነፋስ የሚያንቃጭለው ቃጭል ግን ችግር አለበት፤ ያወከው ሰው ሊያስቆመው አይችልም። በእጅ የሚመታ የእንጨት ደወል ቢቀመጥ መጀመሩም ማቆሙም በልጁ እጅ ይሆናል። ውሃም ቢሆን በእጅ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ያለው ቢሆን ደስ ይላል። ሲገፋ ይፈሳል፣ ሲተው ይቆማል። አንድ ነገር አድርጎ ሁልጊዜ ተመሳሳይ መልስ ማግኘት ለብዙ ኦቲዝም ላላቸው ልጆች ትልቅ እረፍት ነው።

ሽታ ላይ የሮዝመሪዋን ነገር አስታውሱ። ሲነኳቸው ብቻ የሚሸቱ ቅጠሎች አሉ፤ ናና፣ ጦስኝ፣ ሮዝመሪ። አየሩን የሚሞሉ አበቦች ደግሞ አሉ፤ ጃስሚን ለምሳሌ። የመጀመሪያዎቹ መንገድ ዳር ይሁኑ፣ ጃስሚን ራቅ ትበል። ናና በፖት ብትተከል ይሻላል፣ ሥሯ እየሄደ መደቡን በሙሉ ትወርሳለች። ላቬንደር ጥሩ ናት፤ ግን ንብ ትጠራለች። የንብ ጥዝዝታ የሚያስፈራው ልጅ ካለ ከመቀመጫው አጠገብ አትሁን።

ለመዳሰስ ስታኪስ የምትባለውን ተክል የሚያህል የለም። ቅጠሏ በነጫጭ ጸጉር የተሸፈነ፣ እንደ በግ ጆሮ ለስላሳ ነው። ልስልስ ድንጋይ፣ ሻካራ የዛፍ ቅርፊት፣ ርጥብ አሸዋም ይጨመራል። በባዶ እግር የሚረገጥ መንገድ ሲሠራ ግን ከጎኑ ተራ መንገድ ይኑር። ሣር መርገጥ የማይችሉ ልጆች አሉ፤ ሌላ መተላለፊያ ከሌለ አስገደድናቸው ማለት ነው።

በቀለም ብዙ አልቆይም። አረንጓዴው ይብዛ፣ ደማቆቹ አበቦች አንድ ቦታ ይሰብሰቡ። አንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ግን አለ፣ ጥላ። በጣውላ ርብራብ የተሠራ ጣሪያ መሬት ላይ መስመር መስመር ጥላ ይጥላል። በሥሩ ሲሄዱ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ለአንዳንዱ ሰው ይህ አያስኬድም። የዛፍ ወይም ድፍን ጥላ ይሻላል።

ሰውነትስ? ዥዋዥዌና የገመድ አልጋ ሚዛንን ያጫውታሉ። ግን ርካሹና ምርጡ ነገር ሥራ ነው። አፈር መቆፈር፣ ውሃ የሞላ ባልዲ መሸከም፣ ጋሪ መግፋት። ጡንቻንና መገጣጠሚያን የሚያሠራ ከበድ ያለ ሥራ ብዙዎችን ያረጋጋል። ኦቲዝም ያላት ሳይንቲስት ቴምፕል ግራንዲን በወጣትነቷ ከብቶችን የሚይዝ ማሽን አይታ ሰውነቷን ጫን አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ ለራሷ ሠርታ ነበር። ጥብቅ ያለ ግፊት ያረጋጋት ነበርና። ባልዲ የሚሸከመው ልጅ ሰውነትም የሚፈልገው ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ደህንነት ላይ ቀልድ የለም። ምግብ ያልሆነ ነገር ወደ አፍ መክተት በአንዳንድ ኦቲዝም ባላቸው ሰዎች ዘንድ ይታያል። ስለዚህ ጉሎ፣ አስተናግር፣ ኦሊያንደር አይተከሉም፤ መርዛማ ናቸው። የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል። ጤና አዳም እንኳ ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ሊያቆስል ይችላል። ሌላው ከአካባቢ ጠፍቶ መሄድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ኦቲዝም ካላቸው ልጆች 49 በመቶ የሚሆኑት ከአራት ዓመታቸው በኋላ ቢያንስ አንዴ እንዲህ ለመሄድ ሞክረዋል። ብዙዎቹን ውሃ ይስባቸዋል፣ አደጋውም እዚያ ነው። ስለዚህ ሙሉ አጥር ያስፈልጋል፤ ሐረግ ቢለብስ እስር ቤት አይመስልም። ኩሬ አይኑር። ውሃው በድንጋይ ላይ ፈስሶ ጠጠር ውስጥ የሚሰርግ ይሁን።

ይሠራል ወይ? ኦቲዝምን አይፈውስም፣ ዓላማውም ያ አይደለም። አረንጓዴ ነገር ሰውን እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ከእነሱ ታዋቂው ተመራማሪው ሮጀር ኡልሪች እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ነው። ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ ሕመምተኞች የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። ይህ ግን ስለ ኦቲዝም አይደለም። የሴንሰሪ ጋርደንን ጥቅም ማየት የምትፈልጉ ከሆነ የራሳችሁን ልጅ ተመልከቱ።

ለመጀመር ሰፊ ግቢ አያስፈልግም። ሦስት ፖት በረንዳ ላይ ይበቃል። አንዱ የሚሸት፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ አሸዋ ወይም አፈር ብቻ። ከዚያ ምንም ሳትሉ ለሁለት ሳምንት አስተውሉ። ወደ የቱ ይሄዳል? የቱን ዞሮ ያልፋል? መናገር የማይችል ልጅም በእግሩ ይመልስላችኋል። መናገር የሚችሉትን፣ በተለይ ኦቲዝም ያላቸውን አዋቂዎች፣ ከመትከላችሁ በፊት ጠይቋቸው። ይህ የልጆች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። ልጆቹ ያድጋሉ፤ የዛፍ ጥላና ዝምታ መፈለጋቸው ግን አብሯቸው ይኖራል።

አንድ የቀረኝ ነገር፣ መውጣት። የሚወዱትን ቦታ ትቶ መሄድ ለብዙዎቹ ከመግባት ይከብዳል። "በል ተነስ፣ ጨርሰናል" ብሎ ድንገት መጎተት የሰዓቱን ጥቅም በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል። ቀደም ብሎ መንገር፣ የቀረውን ጊዜ በአሸዋ ሰዓት ማሳየት ይረዳል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሁልጊዜ የመጨረሻ የምትሆን አንዲት ተክል ትኑር። ልጁ ደርሶ ይነካታል፣ ቅጠል ይቀነጥሳል፣ ጨብጧት ይወጣል።