«ኬራስ ሚውቴሽን አለ» ማለት በዘር ይተላለፋል ማለት ነው?

ኮዬ ፈጬ፣ ዕድራችን ድንኳን ውስጥ ይሄ ጥያቄ ሦስተኛ ጊዜው ነው። የአንድ ጎረቤታችን የትልቁ አንጀት ካንሰር ውጤት ላይ እንዲህ ተጽፎ ልጆቻቸው ደንግጠዋል።

አይዟችሁ። ሚውቴሽን ማለት የጂን ለውጥ ነው። ኬራስ ደግሞ ሁላችንም ያለን ጂን ነው፤ ሴል እንዲራባ ምልክት ያስተላልፋል። የግቢ ደወል በሉት። ሲጫኑት ይጮኻል፣ ሲለቁት ዝም። በሚውቴሽን ሲበላሽ ግን ማንም ሳይነካው ይጮኻል፤ ሴሉም መራባቱን አያቆምም። ሴቱክሲማብ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ብቻውን የማይረዳውም ለዚህ ነው። እሱ የሚሸፍነው መጫኛውን ነው፤ የተበላሸው ደወሉ!

ዕጢው ላይ የሚገኘው ይህ ለውጥ በኋላ የመጣ እንጂ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም። ከ10 የትልቁ አንጀት ካንሰሮች በ4ቱ ገደማ ይታያል። የመድኃኒቱ ምርጫ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። በቤተሰቡ ብዙ ሰው በካንሰር ከታመመ ደግሞ የውርሱ ምርመራ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከደም ይሠራል።